የተፈተሸ ቀበቶ

«ውድ ደንበኛችን፣ ስለ ሰጡን አስተያየት ከልብ እናመሰግናለን። ምርቶቻችን ለሽያጭ ከመቅረባቸው በፊት በጥንቃቄ ይፈተሻሉ። ዝርዝሩን በውስጥ መስመር ቢያደርሱን በደስታ እናስተናግድዎታለን።»

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ ተቀጥሬ በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ሻዬን ፉት እያልኩ ጻፍኩት። ጽፌም ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቤ በራሴ ኮራሁ። አሁን የሚያንገበግበኝ ያ መኩራቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ የመውጫ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት ነበር። ገመድ፣ ሄልሜት፣ ጓንት፣ ወገብና ጭን ላይ የሚታሰር ቀበቶ ይሸጣል። ፎቅ የሚቀቡ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ የሚወጡ፣ ቅዳሜና እሁድ ተራራ እንወጣለን የሚሉ ጎረምሶችም ይገዙታል። ቆይቶ ባለቤቱ የእኛ አገር ማር ቆራጮችም ዛፍ ላይ እንደሚወጡ ሰማና ፔጁ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚጽፍለት ሰው ፈለገ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ደንበኛ የሆነ አንድ መምህር እኔን ጠቆመው። በዚሁ የአንድ ድርጅት አፍ ሆኜ ቀረሁ።

ባለቤቱን በአካል አይቼው አላውቅም። በስልክ ነው የምንገናኘው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ በየመሃሉ «ወንድሜ» ሳይል የማያወራ ሰው ነው። ሥራውን ሲያስረዳኝ ብዙም አልደከመ። ከደንበኛ ጋር አትከራከር፣ ጥፋት አለብን ብለህ አትመን፣ የተቆጣውን ሰው ከአደባባይ አውጥተህ ወደ ውስጥ መስመር አስገባው፤ በቃ። እኔም ያቺን ዓረፍተ ነገር ፈጠርኩና ለሁሉም እሷን መለጠፍ ጀመርኩ። የገመዱ ቀለም ልብሱን ያበላሸበትም፣ ትልቅ አዝዞ ትንሽ የመጣለትም፣ «ሌቦች» ብሎ የተሳደበም እሷኑ ያገኛል። አንዲት ሴት በአንድ ጥቅል ሁለት የግራ እጅ ጓንት ደረሰኝ ብላ ጻፈች። ለእሷም በጥንቃቄ ይፈተሻሉ አልኳት። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባልደረባዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ምን አለበት፣ ጓንት ነው።

አባቴ ማር ቆራጭ ናቸው። ናቸው የምለው አፌ ስለለመደው ነው እንጂ ነበሩ። ከአጋሮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቡናው አልቆ ጫካው የሚጀምርበት ላይ ነው ቤታችን። ቀፏቸውን ቀረሮ ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ፤ ቀረሮ ደግሞ ቀና ብለህ ስታየው ቆብህ የሚወድቅበት ዛፍ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ወድቀው አያውቁም። አልሀምዱሊላህ ይላሉ፤ ግን ሌላም ምክንያት ነበረው።

በእኛ መንደር ገመድም ሆነ ጠፍር ያመጣ ሰው፣ ሻጭ ይሁን ዘመድ፣ መጀመሪያ ራሱ ይንጠለጠልበታል። መንደሩ መግቢያ ላይ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ያላት ዋንዛ አለች። ያመጣውን እዚያ ላይ ያስራል፣ ቢስሚላሂ ይላል፣ እግሩን ከመሬት አንሥቶ ይወዛወዛል። ዛፍ የሚወጣው ሰው ቆሞ ያየዋል። ልጅ ሳለሁ አንድ ወፍራም የጠፍር ነጋዴ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው ሲወዛወዙ ሳቅ ሊገድለን ነበር። ነጋዴው ግን ተቆጥተው አያውቁም፤ ሥራቸው ነበረና። ያልተንጠለጠለ ሰው ያመጣው ገመድ አይገዛም፣ በስጦታ ቢሆን እንኳ አይወሰድም።

የአረፋ ሰሞን የድርጅቱ ባለቤት ስለ ትጋቴ አመስግኖ አንድ ቀበቶ በመኪና ላከልኝ። ብርቱካንማ ነው፣ ዘለበቱ ያብረቀርቃል። ይዤው አገር ቤት ገባሁ። ከሶላት እንደተመለስን ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት ለአባቴ ሰጠኋቸው፤ አዲስ አበባ ካለ ትልቅ ድርጅት የመጣ ነው አልኩ። እዚያ እንደምሠራ አልነገርኳቸውም። እሳቸው የሚያውቁት ፎቶ ኮፒ ቤት ደብዳቤ እንደምተይብ ነው፤ የሰው ስድብ እያበረድኩ እኖራለሁ ማለት ደግሞ እንዴት ተብሎ ይነገራል?

አባቴ ቀበቶውን አገላብጠው አዩት። ዘለበቱን ሳብ ሳብ አደረጉት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ዋንዛዋ ሄደ፣ ተመልሶ እኔን አየ። ገብቶኛል። እንዴት አይገባኝም! ግን ነጭ ጀለቢያ ለብሻለሁ፣ ጫማዬ አዲስ ነው፣ ሰው ሁሉ ቆሟል። ኮሌጅ የበጠስኩ ሰውዬ በዓል ቀን እንደ ጦጣ ልንጠለጠል?

«አባ፣ ይሄ እኮ የተፈተሸ ነው» አልኳቸው።

«እሺ፣ አንተ ካልክ» አሉና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ለጎረቤቱም ልጄ ነው ያመጣልኝ እያሉ ሲያሳዩ ዋሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ጅማ ተመለስኩ።

ማር የሚቆረጥበት ወቅት ሲደርስ፣ አንድ ሐሙስ፣ ከከፋ ዞን አንድ ማር ቆራጭ ፔጁ ላይ ጻፈ። ፎቶም አያይዟል። ያው ብርቱካንማ ቀበቶ ነው፤ ዘለበቱ ሥር ያለው ስፌት ተተርትሮ ክሩ ተንጠልጥሏል። ገና ዝቅ ብዬ ስለነበርኩ ነው የተረፍኩት፣ ይህን ቀበቶ የገዛችሁ ወንድሞቼ እንዳትወጡበት ይላል። እኔ ምን አደረግኩ? ያቺን ለጠፍኩለት። ወዲያው መለሰልኝ፤ «በውስጥ መስመር ምን ይሠራልኛል? የጻፍኩት ሌላው ሰው እንዲያየው ነው።»

ለባለቤቱ ደወልኩ። አንድ ሰው ነው ወንድሜ፣ ደብቀው አለኝ። ደበቅኩት። ይህን ነገር የማያውቅ ሰው ይወቀው፤ አስተያየት ሲደበቅ የጻፈው ሰውዬ ራሱ ያየዋል፣ ሌላው ግን አያየውም። የከፋው ሰው ወንድሞቹን ያስጠነቀቀ መስሎት ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሄዷል።

አባትህ ትዝ አላሉህም ወይ የሚለኝ ሰው ካለ፣ ብዋሽ ደስ ባለኝ። ትዝ አሉኝ። ደወልኩ፣ ስልካቸው ዝግ ነው፤ ቻርጁ እንዳያልቅባቸው ከገበያ ቀን በቀር አይከፍቱትም። የጎረቤታቸው ቁጥር ግን ነበረኝ። እሱ ጋ ደውዬ ምን ልበል? ያ በሰው ፊት የተፈተሸ ነው ያልኩት ቀበቶ አልተፈተሸም ልበል? አፈርኩ፤ ያውም በስልክ። እሁድ ራሴ ሄጄ ቀበቶውን በዘዴ እቀበላቸዋለሁ አልኩ። እሁድ ሲደርስ ኳስ ነበር። ማን ከማን እንደተጫወተ እንኳ ዛሬ አላስታውሰውም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ያ ጎረቤት ራሱ ደወለ።

ስፌቱ የለቀቀው አባቴ ቀፎው ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ከታች ያለው የቡና ቅርንጫፍ ባይቀበላቸው ኖሮ አልተረፉም ነበር። በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ተሸክመው አወጧቸው፤ እኔ ሆስፒታል በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሐኪሙ ከብዙ ወራት በኋላ፣ አላህ ካለ፣ በክራንች ሊቆሙ ይችላሉ አለ። አባቴ ስለ ዛፍ አንድ ጊዜ ጠየቁት። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዛፍ አንሥተው አያውቁም።

ለባለቤቱ ደወልኩና አለቀስኩበት። አይዞህ ወንድሜ አለኝ። ቀጥሎ የቀበቶውን ፎቶ በውስጥ መስመር ላክልኝ አለ። ወላሂ፣ እንዲሁ ነው ያለኝ። ከሰዓት ፔጁን ልከፍት ስሞክር አላስገባ አለኝ፤ አስወጥቶኛል። ስደውል አያነሣም።

አባቴን ከሆስፒታል ሲወጡ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ወዳለው ኪራይ ቤቴ አመጣኋቸው። አልጋዬን ለቀቅኩላቸው፣ እኔ መሬት አነጥፋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በገዛ ስሜ አስተያየት ጻፍኩ። ሁሉንም ጻፍኩ፤ ስፌቱን፣ የአባቴን ዳሌ፣ ከእኔ በፊት ያስጠነቀቀውን የከፋ ሰው። የተበጠሰውን ቀበቶ ፎቶም ጨመርኩበት። የደበቅኩት እኔ መሆኔን ግን አልጻፍኩም። አባቴ ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ፤ ቀበቶውን ለሸጡት ሰዎች እየጻፍኩ ነው አልኳቸው። ጥሩ፣ ሌላ ሰው እንዳይወድቅ አሉ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ መልሱ መጣ። ውድ ደንበኛችን። ስለ ሰጡን አስተያየት። ከልብ እናመሰግናለን። አንዲት ቃል እንኳ አልቀየሩም። ከእኔ በኋላ ማንን እንደቀጠሩ እንጃ፤ ምን ቸገረው፣ የተዘጋጀ አገኘ፣ ለጠፈ። ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ባልደረባዬ ደወልኩና ከራሱ ስልክ አስተያየቴን እንዲፈልግልኝ ጠየቅኩት። ፈልጎ አጣው። እኔ ስልክ ላይ ግን ይታያል።

«ምን አሉ?» አሉኝ አባቴ።

ማንበብ አይችሉም፣ አማርኛ ግን ጥርት አድርገው ይሰማሉ። ምን ላድርግ፣ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ድገመው አሉኝ፣ ደገምኩት።

«አማርኛው ያምራል» አሉ። «የተማረ ሰው ነው የጻፈው። ክብርም ያውቃል፣ አባት አሳድጎታል።» ትንሽ አሰቡ። «እስቲ ጠይቀው፤ እሱ ተንጠልጥሎበት ነበር?»

«አልተንጠለጠለም፣ አባ።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

ነገርኳቸው። ዓረፍተ ነገሩ የማን እንደሆነ፣ ጓንቱን፣ የከፋውን ሰው፣ ሐሙስን፣ የጎረቤቱን ቁጥር፣ እሁድን፣ ኳሱን። ምንም አልደበቅኩም። ስጨርስ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። አባቴ ግን ዓይናቸውን ገልጠው ቆርቆሮውን ያያሉ። ውጭ ባጃጅ ጡሩምባ ይነፋል፣ አከራዬ ልብስ ታሰጣለች።

ቆይተው «ወደ ግድግዳው አዙረኝ» አሉ።

በራሳቸው መዞር አይችሉም። ሆስፒታል እንዳሳዩኝ አንድ እጄን ከትከሻቸው ሥር፣ አንዱን ከዳሌያቸው ሥር ሰደድኩ። ቢስሚላሂ ብዬ ቀስ አድርጌ አዞርኳቸው።