ጆሮዬ ውስጥ የፈሰሰው የሰሊጥ ዘይት

«ጆሮሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለችኝ እማዬ ባለፈው እሁድ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ስካርቦሮ እሷ ቤት ምሳ በልተን ሳህን እያነሣሁ ነበር። ጆሮዬ ላይ ያለውን ማዳመጫ፣ ሂሪንግ ኤዴን አስተካክዬ «ምን?» አልኳት። «ያንን የህንድ ዘይት ባልጨምርብሽ ኖሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትሰሚ ባልተቀመጥሽ።»

ልጅ ነበርኩ፣ ሦስተኛ ክፍል። አስተማሪዬ ከኋላዬ ስትጠራኝ አልዞርም። ትምህርት ቤቱ ለጆሮ ምርመራ ቀጠሮ አስያዘልኝ፤ ህንዳዊቷ ጎረቤታችን ግን ቀደሙና አንድ ፕላዛ ውስጥ ወዳለ የአዩርቬዳ ሐኪም፣ ማለት የአገራቸው የባህል ሐኪም ወሰዱን። ሰውየው ምላሴን አየ፣ የእጄን የደም ሥር ዳሰሰ፣ «ነፋስ በዝቶባታል» አለ። እማዬ እንግሊዝኛ ስለማትችል የተረጎምኩት እኔ ነኝ። እማዬ ፊቷ በራ። «ምች ነው በለኛ! እነሱም ያውቁታል!»

ሁለት ነገር ሰጠን፤ ጆሮ ውስጥ የሚንጠባጠብ የሰሊጥ ዘይትና በቅቤ የተሠራ የሚዋጥ መድኃኒት። ሁዳዴ ስለነበር እማዬ ቅቤውን «እሱ ከፋሲካ በኋላ» ብላ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው። በዘይቱ ብቻ ቀጠልን።

እማዬ ሁለት ሥራ ነበራት። ከአንዱ ወጥታ ወደ ሌላው ከመሄዷ በፊት ጠርሙሱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ታቆምና ራሴን ጭኗ ላይ ታስተኛለች። ለብ ያለው ዘይት ሲገባ ዓለም ሁሉ ውኃ ውስጥ የሰመጠ ይመስለኛል። ጥጥ ትወትፍልኝና ፀጉሬን ታሻሻለች። ቁጭ ብላ የማያት ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ክፍል ውስጥ ልጆቹ በሰሊጥ ዘይቱ ሽታ «ኑድል ኑድል ትሸቺያለሽ» ይሉኛል፤ ይበሉ!

የምርመራው ቀን ደረሰ። አስተርጓሚ አልነበረም፤ እኔው ሆንኩ። የማትሰማ አስተርጓሚ! መርማሪዋ ብዙ ተናገረች። ነርቭ አለች። ዘይት ይቅር ያለችም መሰለኝ። ሂሪንግ ኤድ የሚለውን ከንፈሯ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ወይስ ያነበብኩት በኋላ፣ ሌላ ቀን ነው? ይምታታብኛል።

«ምን አለች?»

«ዘይቱን ቀጥሉ አለች። ረድቷታል አለች።»

«ተባረኪ በያት!»

«ታንክ ዩ» አልኳት። የምርመራውን ውጤት የያዘ ወረቀት ሰጠችን። እማዬ ምርቃት እንደተቀበለች ሁሉ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያነበው ተሰቅሎ ከረመ። በመጨረሻ አዲስ የመጣች አስተማሪ ናት ወደ ምርመራው መልሳ ጎትታ የወሰደችን፤ ሂሪንግ ኤዱም ያኔ ተሰጠኝ።

ያኔ በትክክል አልሰማሁም? ወይስ ሰምቼ፣ ያ ጭን እንዳይቀርብኝ ብዬ ዋሸሁ? እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ቆርጬ ዋሽቻለሁ እንዳልል ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አልሰማሁም እንዳልል ያቺ ከንፈር ትታየኛለች። አሁን ኖርዝ ዮርክ ብቻዬን እኖራለሁ። በሂሪንግ ኤዱ የጎረቤቴን ስልክ ሳይቀር በግድግዳ እሰማለሁ። እማዬ ጡረታ ወጥታ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትውላለች፤ ራሴን ጭኗ ላይ የማሳርፍበት ሰበብ ግን የለኝም።

እሁድ ዕለት ሳህኑን አስቀመጥኩና «እማዬ፣ ያን ቀን ሴትዮዋ ያለችው...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይ ልጄ፣ አታጽናኚኝ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አንቺማ ምን አጠፋሽ? ያለችውን ነው የነገርሽኝ።»

«ባሱ ያመልጠኛል» አልኩና ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።