የራሴን ንፍሮ የበላሁ ዕለት

ኅዳር ሲታጠን የማይወድ ልጅ አሰላ ውስጥ ቢፈለግ የምገኘው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው ልጅ ቆሻሻ እየለቃቀመ እሳቱ ላይ ይከምራል፣ ጭሱን እየሰነጠቀ ይሯሯጣል። እናቶችም በሽታው ሁሉ ከሰፈር ወጣልን ብለው ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን አስም ነበረብኝ። የሌላውን በሽታ የሚያባርረው ጭስ የእኔን ከያለበት ጠርቶ ያመጣዋል፤ ሳሉ ይጀምረኝና ደረቴ ሲር ሲር ማለት ይከተላል።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ የመጣው ግን ከሌላ ጊዜው የከፋ ነበር። አባቴ ሾፌር ስለነበር አቦምሳ መንገድ ላይ ነው። እማዬ እንደ ወጉ በሩን ዘጋች፣ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ እንዳያገኘኝ በጋቢ ጠቀለለችኝ፤ ጎረቤቱም አንድ ሳይቀር ገብቶ ከበበኝ። የቀረችኝን ትንሽ አየር በፍቅር ተካፈሉኝ። መተንፈስ ሲያቅተኝ ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዱኝ፤ መርፌ ተወጋሁና ነፍሴ መለስ አለች።

ስመለስ እኔ ደህና ነበርኩ። ወሬው ግን ቀድሞኝ ሰፈር ገብቷል። «ሳንባዋን ነው አሉ፤ ይጋባል አሉ» ተባለ። አጥር የምንጋራት የጓደኛዬ እናት ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ ልጄን ከእሷ ጋር አታስቀምጡብኝ አለች። አስተማሪዬም መስኮቱ አጠገብ ከጓደኛዬ ጋር ከምንቀመጥበት ዴስክ አንስታ መጨረሻው ላይ ለብቻዬ አስቀመጠችኝ። የውሃ ጣሳው ሲዞር እኔን ዘሎ ያልፋል። ይህን የሰማች ዕለት እማዬ አለቀሰችና «ትምህርቱ ይቅርብሽ፤ ብቻ ኑሪልኝ» ብላ ቤት አስቀረችኝ። እኔ ደግሞ በዓለም ላይ ከዚያች ዴስክ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

የሚያክመኝ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር። ፈጣን አፍ ያለው፣ ቀጭን የሳጉሬ ልጅ ነው። ሁላችንም ዶክተር እንለዋለን፤ እሱም አይከለክልም። ቤት መዋሌን ሲሰማ ተናደደ። «አስም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ማወቅ አለበት» አለና ቀበሌ ሄደ። ቀበሌውም ፈቀደለት። የስብሰባው ዕለት ግን ሊቀመንበሩ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሲናገሩ ዋሉና ለአስም የተረፈው መፈክር የሚወርድበት ሰዓት ሆነ። ሰዉ ግማሹ እያንቀላፋ ግራ እጁን እያነሳ «ይውደም!» ይላል። አስምም አብሮ ይውደም ተባለና ተበተኑ። ይህንን እማዬ ናት እየሳቀች የነገረችኝ፤ ከታመምኩ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ዶክተራችን ግን ሞኝ አልነበረም። ለቀበሌ ስብሰባ የሚያመው ሰው ሁሉ ለእድር ሲሆን እንደሚድን አስተውሏል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ባለሱቁም ገበሬውም በአንድ እድር ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ጣሳው፣ ቃሬዛው ሁሉ የጋራ ነው። ስለዚህ ወደ እድሩ ዳኛ ሄዶ አስረዳቸው። ዳኛውም እሁድ ረፋድ ላይ፣ እኛው ቤት ሰው ይሰብሰብ አሉ። ልጅቷን ራሷን እያየ ይማር ብለው ነው። ሰዉን የመጥራቱ ነገር ለጥሩምባ ነፊያችን ተሰጠ።

ጥሩምባ ነፊያችን ከአማርኛው ይልቅ ኦሮምኛው የሚቀናቸው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲነፉ የኖሩት ለሞት ነው። በዚያ እሁድም ማዕዘኑ ላይ ቆመው እንደ ወትሮው ረጅሙን ነፉና «የሾፌሩ ቤት! የሾፌሩ ቤት!» ብለው ተጣሩ። ቀጥለው ለትምህርት ነው፣ ስለ ልጆች በሽታ ነው ብለዋል። ማን ሊሰማቸው? ጥሩምባ ሰምቶ እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ ሰው የለም። ማን ቤት እንደሆነ ካወቀ ነጠላውን ነው የሚፈልገው። የሾፌሩ ቤት ውስጥ ደግሞ ማን እንደታመመ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እኔ በዚያ ሰዓት ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ጨጨብሳ እበላለሁ። እማዬ ከጓሮ ካሉት ጎረቤቶች ወንበር ልትዋስ ሄዳለች። ጥሩምባውን ሰማሁና፣ ጥሩ፣ ሰው ተጠራ ብዬ መብላቴን ቀጠልኩ። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ተነሳ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች «ልጄን! የኔን ምስኪን! በእጄ ያደገችውን!» እያለች በሩን ገፍታ ገባች። የጓደኛዬ እናት ናት።

«እትዬ፣ ማን ሞተ?» አልኳት።

ቆመች። እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔን አየች፣ ሳህኑን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። ከዚያ «አንቺ!» አለችና ወደቀችብኝ። ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ ቅቤ የነካውን እጄን ሳይቀር ሳመችኝ። ልጄን አታስጠጉብኝ ያለችው ሴት ናት ይህች። እንዲህ ታለቅስልኛለች ብሎ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ አላምነውም ነበር። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ከኋላዋ ሰፈሩ ጎረፈ። ፊት የገቡት አይተውኝ ሲስቁ በር ላይ ያሉት ገና ያለቅሳሉ። ወንዶቹ ድንኳኑን ከነካስማው ተሸክመው ደረሱ። አንዷ ጎረቤት ደግሞ ንፍሮ ጥዳ ነው የመጣችው። መሀል ላይ እማዬ ወንበር በጭንቅላቷ ይዛ ብቅ አለች። ጥሩምባው ለምን እንደተነፋ ታውቃለች፤ ለቅሶውን ስትሰማ ግን ማወቋ ምንም አልጠቀማት። ወንበሩን ጥላ ሰውን እየገፋች መጣች።

«አለሁ እማዬ» አልኳት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ በኋላ ያደረጉኝ ሁሉ የፍቅር ነው። ነፋስ እንዳይመታኝ ወደ ቤት አስገቡኝ፣ በሩን ዘጉት፣ ሊስሙኝ ተሰለፉ። የዚያ ሁሉ እግር አቧራ ተነሳ። የሳመኝ ሳያበቃ ሌላው ይስመኛል። ደረቴ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ያለቀሱልኝ ነገር አሁን በእውነት ሊመጣ መሆኑን በሁሉም ፊት ላይ አየሁት፤ እኔም ፈራሁ።

በዚህ መሀል ዶክተሩ እያለከለከ ገባ። ራሱ ያስነፋውን ጥሩምባ ሰምቶ፣ ሞታለች ብሎ፣ ከጤና ጣቢያው ሲሮጥ ነው የመጣው። ቁጭ ብዬ ሲያየኝ እንባው መጣ። ወዲያው ግን ወደ ሥራው ተመለሰ።

«በሩን ክፈቱት። ሁላችሁም ውጡ። ጋቢውን አንሱላት።»

ወደ ደጃፉ አወጣኝ፣ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደግፎ ወደፊት ዘንበል አደረገኝ፣ እሱ ያዘዘልኝን ኪኒን አዋጠኝ። በቀስታ ተንፍሺ ይለኛል፤ እኔ ግን ከፍርሃቴ የተነሳ አየሩን እየነጠቅሁ ነው የምስበው። ያን ጊዜ ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባቸውን ብብታቸው ሥር እንደያዙ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አሉ። ባጠፉት ነገር ፊታቸው ደም መስሏል።

«አብሽሪ ልጄ። ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ በይ። እኔን እዪ» አሉኝ። «በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ። አሁን ከንፈርሽን እንደ ጥሩምባ ነፊ ሰብስቢና ቀስ እያልሽ ልቀቂው። ጥሩምባ በችኮላ አይነፋም።»

ከንፈራቸውን ሰብስበው ያለ ጥሩምባ ረጅሙን ነፉልኝ። ተከተልኳቸው። ደግመን ነፋን። ዶክተሩ «እንደሱ ነው፣ እንደሱ ነው» ይላል። ቀና ስል ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከንፈሩን ሰብስቦ አብሮን ይነፋል፤ የእድሩ ዳኛ ሳይቀሩ። ሳቄ መጣ። ሳቄ ሲመጣ እየተሻለኝ መሆኑን አወቅሁ።

ድንኳኑ ከመጣ አይቀር ተተከለ። አግዳሚዎቹ ተደረደሩ፣ ንፍሮው በሰፌድ ዞረ። የራሴን ንፍሮ በላሁ፤ ጨው ይጎድለዋል ብዬም አማሁ። ዶክተሩ መሀል ቆሞ ሲያስተምር የሚያንቀላፋ አልነበረም፤ ያወራላቸውን ነገር አሁን በዓይናቸው አይተውታል። አስም አይጋባም አለ። ጭስና የአውድማ እብቅ እንደሚያስነሳው፣ ልጅ ሲታፈን መክበብና መጠቅለል እንደሚጎዳው፣ ካልተሻለው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ እንዳለበት ነገራቸው። ይህን ጊዜ አንዲት እናት ከኋላ ተነስታ «የኔም ልጅ ሌሊት ሌሊት እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ ሰው እንዳይሸሸው ደብቄው ነው» አለች። ማንም ክፉ አልተናገራትም። አጠገቧ ያሉት ጠጋ አሉላት።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እድራችን ሰው ሲሞት የሚያደርገውን ያውቃል። ልጅ ሲታፈን ግን ደንብ የለንም። ዛሬ እናውጣ» አሉ። ወጣም። አጭር አጭር ጥሩምባ ከተሰማ ለታመመ ልጅ ነው፤ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ይሮጣሉ፣ ሌላው ሰው በሩን ከፍቶ ይርቃል። የኅዳር እሳት ደግሞ ከወንዙ ማዶ ይነድዳል። ነጠላ የሚያዘቀዝቅ ሰው ካለ መጀመሪያ ጥሩምባ ነፊውን ይጠይቅ ሲሉ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌውም እየሳቁ ራሳቸውን ያዙ።

ንፍሮው ውሃ አስጠማኝ። ጣሳ ሰጡኝና ግማሹን ጠጣሁ። አጠገቤ የጓደኛዬ እናት፣ ከእሷ ወዲያ ጓደኛዬ ተቀምጠዋል። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፤ ጣሳውን ወደ እሷ ዘረጋሁና «እትዬ፣ ይጠጡ» አልኳት። እማዬ ንፍሮ እንደዘገነች ቀረች።

ተቀበለችኝ። እኔ በጠጣሁበት በኩል አድርጋ ጠጣችና የቀረውን ለልጇ ሰጠቻት። «ጠጪ» አለቻት። ጓደኛዬ እስከ ጭላጩ ጨለጠችው። እማዬ ጠዋት መሬት ላይ ስትቀመጥ ያልመጣላት ልቅሶ አሁን መጣላት።

ሰኞ ጠዋት ገና ቁርስ ሳንጨርስ በር ተንኳኳ። የጓደኛዬ እናት ልጇን በእጇ ይዛ ቆማለች። «ተነሺ እንጂ፣ ይረፍድባችኋል። አስተማሪያችሁን እኔ አነጋግራታለሁ፤ ዴስካችሁ ላይ አብራችሁ ነው የምትቀመጡት» አለችኝ። እማዬ ልትጠቀልለኝ ጋቢዋን አነሳች። ጥቂት አሰበችና መልሳ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችልኝ።