የቦራ ማጥ

ባለፈው ሳምንት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ ስመለስ ረዳቱ «የቦራ ማጥ ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። ወራጅ አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጠው ተማሪ ጨዋታ ወዳጅ ኖሮ ረግረጉን በመስኮት እያሳየኝ፣ «እማማ፣ ስሙ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ? ድሮ ቦራ የሚባል ፈረስ ሰምጦ ሞቶበት ነው» አለኝ።

«እንዲያ ነው?» አልሁት።

ቦራ የእኛ ፈረስ ነበር። ግንባሩ ነጭ፣ ሆዳም፣ ነገረኛ ፈረስ። ማጡ ውስጥም አልሞተም፤ እቤታችን አርጅቶ ነው የሞተው።

ያን ጊዜ ቦታው በአገውኛ ሌላ ስም ነበረው፤ ውሃ የሚተኛበት እንደማለት ነው። ታላላቆቻችን ስም ሲያወጡ አይቀልዱም። ላዩን ሲያዩት ለምለም ሣር ነው፣ ሥሩ ግን ጥቁር ጭቃ። ክረምት ላይ ጭጋጉ ከወረደበት መሬቱና ውሃው አይለይም።

ልጅ እግር ነበርሁ። ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታን ጾመን ውለን ቅቅል ድንች በአዋዜ እየበላን ሳለ የቦራ ጩኸት ከረግረጉ መጣ። ታላቅ ወንድሜ ዓለሙ የያዘውን ድንች እንኳ ሳያስቀምጥ ገመድ አንሥቶ ወጣ።

«ኧረ ሰው እስኪመጣ ቆይ!» አለች እናቴ።

«ሰው እስኪመጣማ ያልቅለታል!»

ማጡ ውስጥ ገብቶ ገመዱን ፈረሱ አንገት ላይ አስሮ ጫፉን ጩኸቱን ሰምተው ለደረሱት ጎረቤቶች ወረወረላቸው። እነሱ ሲጎትቱ እሱ ከኋላ ይገፋ ነበር። ቦራ ሲወራጭ ረገጠው። ፈረሱ ወጣ፤ የወንድሜን ሬሳ ያገኙት በማግሥቱ ነው። እኔ አላለቀስሁም። የተረፈውን ድንች ሰብስቤ ለዶሮ ሰጠሁ፤ ከዚያ ቀን ትዝ የሚለኝ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ የዓለሙ ስም በተጠራ ቁጥር ራሷን ትስት ጀመር። አገሩ ሁሉ ተጠነቀቀላት። ከብት ወደዚያ ሲያቀና «ቦራ የገባበት ማጥ እንዳይሄዱ!» ይባላል እንጂ ዓለሙን የሚያነሣ የለም፤ እኔም ብሆን። ክፋት አልነበረበትም፤ እግዜር ይስጣቸው።

እናቴ ግን ልትሞት አካባቢ፣ «ልጄን ሰው ሁሉ ረሳብኝ?» አለችኝ።

«ላንቺ ብለው እኮ ነው፣ እማ።»

«መጀመሪያ ነው እንጂ። ኋላማ እንዲያነሡልኝ ጠብቄ ነበር።»

ሚኒባሱ ማጡን አለፈ። ግማሹ ደርቆ ለከሰል የሚሆን ዛፍ ተተክሎበታል። ምንም አልተሰማኝም፤ የገረመኝም እሱ ነው። ለቅሶ የደረሱት ሰዎች አልቀዋል። አሁን የወንድሜን ስም ብጠራው የሚከፋው ሰው የለም። የሚያውቀውም የለም።

«ማጡ ውስጥ የሞተው ሰው ነው» አልሁት ተማሪውን። «ዓለሙ ይባላል። ወንድሜ ነው።»

ልጁ ደነገጠ። ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዓለሙ ማን?» አለኝ።

ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ይህ ልጅ ነው። የአባታችንን ስም ጨምሬ ነገርሁት።