ከዛፉ አውርድልኝ

ፈርደሪካ ልጇን ለእግዚአብሔር የሰጠችው ገና ስም ሳይወጣለት ነው። ሕፃኑ በተወለደ በሳምንቱ ትኩሳት ያዘውና ጡት መጥባት ተወ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ፊቷን አዙራ «ቤት ወስደሽ እቀፊው» አለቻት። ፈርደሪካ ግን ቤት አልወሰደችውም። ቤተ ክርስቲያን ገብታ ሰባኪው የሚቆምበት መድረክ ሥር አስተኛችውና «ካተረፍክልኝ እዚህ ላይ ቆሞ ቃልህን ይናገራል» ብላ ተሳለች። በማግሥቱ ልጁ ጡት ፈለገ።

ሜልኪያኑስ አለችው፤ ሜልኪ። በሮቴ ደሴት፣ በዚያች የባሕር ዳር መንደር፣ ስለቱን ያልሰማ ሰው አልነበረም። እኩዮቹ አሸዋ ላይ ሲንከባለሉ እሱ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ የእናቱን መዝሙር መጽሐፍ ተሸክሞ ይከተላታል። ለመዋኘት ብቅ ሲል «ትንሹ ፓስተር መጣ! ባሕሩን እንዳይከፍልብን!» እያሉ ያሾፉበታል። አባቱ ሶሌማን ዘንባባ ቀጂ ነበር፤ ዛፉ አናት ላይ ወጥቶ አበባውን እየበጣ ጣፋጩን ፈሳሽ የሚያወርድ፣ ፈርደሪካም ማር እስኪመስል ድረስ የምታፈላው። ልጁ ዐይኑ ከመጽሐፉ ይልቅ አባቱ የወጣበት ዛፍ ላይ ይውል እንደነበር እናቱ አይታለች። አይታ እንዳላየች ሆነች።

ሶሌማን ታሞ ከሞተ በኋላ ለብቻዋ እያፈላች፣ አሳማ እያረባች፣ ሜልኪን ባሕር ማዶ ኩፓንግ ከተማ የፓስተሮች ትምህርት ቤት አስገባችው። መርከቡ ሲነሣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጋር ቆማ ዘመረች። ከዚያ ቀን የበለጠ ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየችም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ደረቁ ነፋስ ሲጀምር፣ ሜልኪ ሳይጠበቅ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ለእረፍት ነው?» አለችው።

«አይደለም፣ ማማ። አበቃ።»

«ምኑ ነው የሚያበቃው? ገና ግማሹን አልተማርክም!»

«ያበቃሁት እኔ ነኝ። መድረክ ላይ ስቆም ከአፌ የሚወጣው ያንቺ ድምፅ ነው። ጌታ አልጠራኝም ማማ፤ የጠራሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ስለቴስ?»

«ስለቱ ያንቺ ነው። እኔ ያኔ ትኩሳት ላይ ነበርኩ።»

ቀልድ ነበር፤ የአባቱ ዓይነት ቀልድ። እሷ ግን አልሳቀችም። ማዕድ አቀረበችለት፣ ሸሚዙን ተቀብላ ሰቀለችለት፣ ከዚያች ቀን ጀምሮም አፏን ዘጋችበት። በማግሥቱ ሜልኪ የአባቱን ቢላዋ ስሎ ዛፍ ወጣ።

ጎረቤቷ ማማ ኖርቺ፣ ምላሷ የማያርፍ ባልቴት፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ምን ያስከፋሻል? ልጅሽ ከመድረኩ የበለጠ ከፍታ አገኘ! ከዚያ በላይ ለሰማይ የሚቀርብ ፓስተር የት አለ?» ትላታለች።

«አንቺ ቀልጂ። እኔ የምነግረው ለሌላ ነው» ትላታለች ፈርደሪካ።

ለእግዚአብሔር ነበር የምትነግረው። በየማለዳው ተንበርክካ፣ ልጇ ከግንዱ ጋር ሲተሻሽ እየሰማች፣ «ጌታ ሆይ፣ ከዚያ ዛፍ አውርድልኝ» ትላለች። ጾመችበት። የሴቶች ጸሎት ማኅበርም ይህንኑ እንዲለምንላት አደረገች። ሜልኪ ደግሞ ከዛፉ ላይ ያፏጫል። ያ ፉጨት ከሁሉ ይልቅ ያበሳጫት ነበር፤ ደስ ብሎታል ማለት ነውና።

ሜልኪ የወደቀው ነፋሱ በበረታበት ወቅት ነው። ምድጃው ጎን ሆና የሰማችው ድምፅ የደረቀ ቅርንጫፍ የወደቀ መስሏት ነበር። ብቅ ስትል ኖርቺ ራሷን ይዛ ስትጮህ አየች።

ወንዶቹ በጨርቅ አልጋ ተሸክመው ወደብ አደረሱት፤ ከእናቱ ጋር በመርከብ ኩፓንግ ገባ። ዳሌው ተሰብሯል። ሐኪሙ መሞት እንኳ አይሞትም፣ መራመድም ይራመዳል፣ ዛፍ ግን እርም ነው አለ።

የጸሎት ማኅበሩ ሴቶች ባሕር ተሻግረው ሊጠይቁት መጡ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ልቧ ቅን ነው፣ ፈርደሪካን አቅፋ «አየሽ እህቴ፣ ጸሎታችንን ሰማ! በራሱ መንገድ አወረደልሽ» አለቻት። ፈርደሪካ አመሰግናለሁ ለማለት አፏን ከፈተች። ግን የሴትየዋን እጅ ከትከሻዋ አነሣች። ወደ ውጭ ወጥታ በሆስፒታሉ ግንብ ዙሪያ ተመላለሰች።

ስትመለስ ሴቶቹ ሄደዋል። ሜልኪ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ማማ» አለ። «ስድን ትምህርት ቤት እመለሳለሁ። ተሸንፌአለሁ።»

ይህን ቃል ለመስማት ስንት ማለዳ ተንበርክካለች! አሁን ሲመጣ እንደ በረዶ ቀዘቀዘባት። «በማን ነው የተሸነፍከው?» አለችው።

«በእሱ። ባልመለስ ቀጥሎ የሚያደርገኝን እፈራለሁ።» ሲናገር አንሶላውን እንደ ሕፃን አገጩ ድረስ ስቦ ነበር።

ፈርደሪካ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጄ የሚፈራውን ይህን እግዚአብሔር ማን አስተማረው ብላ ብታስብ፣ ከራሷ በቀር ሌላ አስተማሪ አጣች። አንሶላውን ከአገጩ ዝቅ አደረገችለትና፣

«አትመለስም» አለች።

«እንዴት?»

«በፍርሃት የሚመጣ ፓስተር አልፈልግም። እሱም የሚፈልግ አይመስለኝም። ስማኝ ሜልኪ። ሰጠሁህ እያልኩ አገር አስጨብጭቤያለሁ። በግ ሰጥቶ ገመዱን እንደማይለቅ ሰው ነበርኩ። አንተን ሰጥቼው፣ ምን እንደሚያደርግህም ደግሞ እኔ ነገርኩት። የእኔን ሐሳብ የእሱ ሐሳብ ነው ብዬ ጠራሁት። በየማለዳው ‹ከዛፉ አውርድልኝ› እያልኩ ስለምን የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ሜልኪ ዞሮ አያት። «እሱ ነው የጣለኝ ትያለሽ?»

«አላውቅም። ነፋስ ነው የጣለህ፤ ከዚያ በላይ ያለውን አላውቅም። የማውቀው እንደዚያ ብዬ መለመኔን ነው።» እንባዋ ወረደ። «ይቅር በለኝ።»

ይቅር ብያለሁ አላላትም። እጁን ግን ከአንሶላው ሥር አውጥቶ ጉልበቷ ላይ አሳረፈው። ዝምታው በዚያች ቀን ተሰበረ።

ወደ መንደር ሲመለሱ ፈርደሪካ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ «ስለቱን እንደተሳልኩት አልፈጸምኩትም፤ ልጁን ግን ገመዱን ለቅቄ ሰጥቻለሁ» አለች። ገሚሱ አጉረመረመ። ዕድሜ የጠገቡት ፓስተር «ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጣል?» ብለው ብቻ አለፉት። ለሳምንታት አንዳንድ ሴቶች ሰላምታ ነፈጓት፤ እሷም ከፊተኛው አግዳሚ ተነሥታ ከኋላ መቀመጥ ለመደች።

ሜልኪ በምርኩዝ ቆመ። ዛፎቹን የኖርቺ የወንድም ልጅ በእኩል ድርሻ ያዛቸው፤ እሱ ይቀዳል፣ ሜልኪ ምድጃው ዘንድ ተቀምጦ ያፈላል። ቁጭቱ ቀላል አልነበረም። ሌላው ሰው ሲወጣ ቀና ብሎ አያይም። ቤተ ክርስቲያንም ዓመት ሙሉ አልረገጠም። ፈርደሪካ ና ላለማለት ራሷን ገታች። ያ ዓመት ከጾም ሁሉ የከበደ ጾም ሆነባት፤ ቃሉ ስንት ጊዜ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ አምልጧት ተናግራ በራሷ አፍራለች።

ኖርቺ አንድ ማለዳ ተንበርክካ ብታገኛት «አሁን ደግሞ ምኑን ነው የምትለምኚው? እንድንጠነቀቅ ብዬ እኮ ነው!» አለቻት።

«ስሙን እጠራለሁ። ‹ልጁ ያንተ ነው› እላለሁ። ከዚያ ዝም።»

«ይኼው ነው? ምን እንዲያደርግለት እንኳ ሳትነግሪው?»

«ከባዱ እሱ ነው፣ ኖርቺ። አፌን ይዤ ነው የምነሣው።»

ኖርቺ ገባ ብላ ቀሚሷን ሰበሰበች። አጠገቧ ተንበረከከች። በጓሮ በኩል ሜልኪ እንጨት ይሰብራል፤ ድስቱ መንተክተክ ጀምሯል። ጥቂት ቆይቶ «ማማ! ወፍሯል መሰለኝ፣ ነይ ቅመሺው» ብሎ ተጣራ። ፈርደሪካም ጉልበቷን እያሻሸች ተነሥታ ወደ ልጇ ሄደች።