እንቁላሉን የሚያዘገየው ኪኒን

ከደጋው አገራችን ከሁላ የወጣሁት ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። መኪናው ሲነሳ ጉሙ እናቴን ውጧት እጇ ብቻ ይታየኝ ነበር። ሐዋሳ ስደርስ መጀመሪያ ያወለቅሁት ሹራቤን ነው። እናንተ አገር ቤት እሳት ከባችሁ ስትሞቁ እዚህ ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ታክኮ ይሄዳል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ደግሞ ዓሣውን ጥሬውን በሚጥሚጣ ይበላሉ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ልብስ ፋብሪካ ተቀጥሬ፣ አብራኝ ከምትሠራው ከብርሃኔ ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። አከራያችን እትዬ አስካለ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «ወንድ አይገባም» አሉን።

«ወንድሜ ሊጠይቀኝ ቢመጣስ?» አልኳቸው።

«ወንድምም ወንድ ነው።»

አንድ እሁድ ጠዋት ብርሃኔ አልጋው ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት። ትናንት ከእጮኛዋ ጋር ሳሉ ኮንዶሙ ተቀዶባቸዋል። እርግዝና እንዳይመጣ ከግንኙነት በኋላ ስለሚዋጠው ስለ ፖስት ፒል ሰምታለች፤ ግን መሃን ያደርጋል ብለዋታል። እኔ ደግሞ በቤተክርስቲያን ኳየር እዘምራለሁ፤ ፅንስ ማስወረድ መስሎኝ አብሬያት መሄድ ከበደኝ። ብቻዋን ልልካት ግን አልቻልኩም።

ፒያሳ አንድ መድኃኒት ቤት ገባን። ብርሃኔ የፈለገችውን ስትነግራቸው ሽማግሌው ፋርማሲስት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መቼ ነው?» አሏት።

«ትናንት።»

«ሦስት ቀን ሳያልፍ መዋጥ አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ግን ይሻላል። አሁኑኑ ዋጪው።»

እኔ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?»

ፈገግ አሉ። «ሁሉም ገዝቶ ይሮጣል፤ ይህን የሚጠይቀኝ የለም። እርግዝና በዚያው ሰዓት አይመጣም። የወንዱ ዘር እንቁላል እየጠበቀ ቀናት ይቆያል። ኪኒኑ እንቁላሉ እንዳይወጣ ያዘገየዋል፤ ዘሩም ጠብቆ ጠብቆ ይሞታል።»

«ፅንስ ካለስ?»

«ያለውን አይነካም፣ አያስወርድም። መሃንም አያደርግም።» ወደ ብርሃኔ ዞሩ። «እንቁላሉ ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ላይሠራ ይችላል። የወር አበባሽ ከሳምንት በላይ ከዘገየ ተመርመሪ። ከዛሬ ወዲያ ላለውም ዋስትና አይሆንሽም።»

ብርሃኔ እዚያው ዋጠችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመታጠቢያ ቤት በስሜ ጠራችኝ፤ የወር አበባዋ እንደመጣ ከሳቋ ገባኝ።

የዚያን ቀን ለእናቴ ደወልኩ። ስምንት ወልዳለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አውርተን አናውቅም። በሲዳምኛ ቃሉ እየጠፋኝ፣ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። በስልኩ ውስጥ ዝናቡ የቤታችንን ቆርቆሮ ሲደበድበው ይሰማኛል።

«እና እንቁላሉ አይወጣም አልሽኝ?»

«ይዘገያል፣ እማ።»

«ቆይ እስቲ» አለችና የወንድሜን ሚስት ጠራች፤ ቀጥላ ጎረቤቶቻችንን። «በይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ። ስልኩን መሀላችን አስቀምጬዋለሁ።»

ጀመርኩ። መሀል ላይ አንዷ ሳቀች። ማን እንደሆነች መለየት አቃተኝ፤ ከጎኗ ተቀምጬ ፊቷን ማየት አማረኝ።