ኪሴ ውስጥ የቀረው መነጽር

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ እየገዛሁ እሸጥ በነበረበት ዘመን። ይህን ያህል ዓመት አልፎም ለሶላት ፊቴን በታጠብኩ ቁጥር ይመለስብኛል።

አጨዳው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ከካርቱም ከመጣ ሎሪ መነጽር ያደረገ ቀጭን ወጣት ወረደና ሱቄን ጠይቆ መጣ። አስራት ይባላል። እንደኔው የጭልጋ ልጅ ነው። መንግሥት በረዶ ወደሚጥልበት ሩቅ አገር ልኮት ፖለቲካ ሳይንስ ሲማር ቆይቶ፣ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቶታል።

ፖለቲካ ለመማር ባሕር የተሻገረ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እኛን ፖለቲካው ራሱ ቤታችን ድረስ መጥቶ ነው ያስተማረን።

«ታዲያ እዚህ ምን አመጣህ?» አልኩት።

«እናቴ አልጋ ይዛለች የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ጋሽ ኑሩ። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም።»

«በአውሮፕላን አትገባም?»

«ስሜ ተይዟል። የተማሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር።»

«ምን ብለህ?»

«‹ለምን?› ብዬ።»

«አይ ያንተ ነገር! ያን ያህል ተምረህ፣ ይኼ ጥያቄ የት እንደማይጠየቅ አልነገሩህም?»

ሳቀ። ሳቁ ደስ አለኝ መሰለኝ፣ ተመለስ ብዬ መለመን ሲገባኝ አሻግርሃለሁ አልኩት።

ዘዴዬ አጨዳ ጨርሰው በገላባት በኩል አገራቸው ከሚገቡ የቀን ሠራተኞች ጋር መደባለቅ ነበር። ሳምንት ሙሉ ሰሊጥ እርሻ ላይ አዋልኩት። መነጽሩን ካወለቀ ማጭዱን ከእግሩ ስለማይለይ አድርጎት ነበር የሚያጭደው። ነዶ ማሰር ለመደ። ፊቱ ከሰለ። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን እላዩ ላይ ማንጠልጠል ሳይቀር አስተማርኩት። የተቀደደ ሸሚዝና ኮንጎ ጫማ ሰጥቼ፣ እንደማንኛውም ተመላሽ ሠራተኛ ብርድ ልብስና የሻይ ብርጭቆ በጆንያ አሸከምኩት።

«በል፣ አሁን ተመረቅህ» አልኩት።

«ዲግሪውስ?»

እጁን ይዤ ውሃ የቋጠረውን መዳፉን ገልብጬ አሳየሁት።

ገላባት ስንደርስ መነጽሩን አውልቆ ሰጠኝ። «ስመለስ እወስደዋለሁ» አለ። ብዙ ዓመት ከማውቀው አጫጅ፣ ከሞላ ጋር አጣመርኩት፤ አስራት ወንድሙ ነኝ ሊል፣ በሌላ ስም። የሱዳኑን ገላባትና የኛን መተማ የሚለያቸው አንድ ደረቅ ወንዝ ነው። እኔ በዚህኛው ዳር ቆምኩ።

ሊወርድ ሲል ዞሮ አየኝ። ያለ መነጽር አጥርቶ እንዳላየኝ አውቃለሁ። እኔ ግን አየሁት። ፀሐይ ባከሰለው ፊቱ ላይ፣ ከአፍንጫው ግራና ቀኝ ሁለት ነጫጭ ጎድጓዳ ምልክቶች፣ ከዓይኑ እስከ ጆሮው ደግሞ ነጣ ያለ መስመር። አንድ ጆንያ ሰሊጥ ውስጥ እፍኝ አሸዋ የማያመልጠኝ ሰውዬ፣ ሳምንት ሙሉ ያንን ፊት ሳየው ከርሜ ይህን አላየሁም። መነጽሩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ፊቱ ግን መነጽር እንዳደረገ ነው።

ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ስሙን የመተማ ኬላ ወታደሮች ይሰሙታል ብዬ ዘጋሁት። ለረጅም ጊዜ ምክንያቴ ይህ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ካልደበቅሁ፣ በየወሩ በዚያ በር የማልፍ ነጋዴ ነኝና ፊቴ እንዲያዝ አልፈለግሁም። «አንተ!» ማለትም ይበቃ ነበር።

ከወዲያኛው ዳር ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ሲያሳልፉ አየሁ። አስራት ጋ ሲደርሱ አንዱ ወታደር አስቆመው። ጣቱን ዘርግቶ አፍንጫውን ነካ። ከዚያ ከሞላ ጋር ወደ ኬላው ቆርቆሮ ቤት ይዞት ገባ። እስኪወጣ ቆሜ ጠበቅሁ፤ አልወጣም።

ሞላ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ።

«‹ጎበዝ፣ ሰሊጥ በመነጽር ነው እንዴ የሚታጨደው?› ነው ያለው፣ ጋሽ ኑሩ። ሁሉም ሳቁ። አስራትም ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እኔን ደብድበው ለቀቁኝ። እሱን ‹ለምን ያዛችሁት?› ብል መልሰው ሊያስገቡኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም። በየመጣው ሎሪ ጠይቄአለሁ።

ደርግ ሲወድቅ መነጽሩን ኪሴ ከትቼ ጭልጋ ሄድኩ። እናቱ በሕይወት አሉ። ከዚያ በሽታቸው ያኔውኑ ድነው ኖሯል። ልጃቸውን አውቀው እንደነበር ስነግራቸው እርጎ አቀረቡልኝ።

«ትምህርቱ ረዘመበት» አሉኝ። «ፖለቲካ ከባድ ነው ይላሉ። እውነት ነው ልጄ?»

«ከባድ ነው፣ እናቴ» አልኩ።

እርጎውን ጨረስኩ። መነጽሩን ሳልሰጣቸው ተመለስኩ። አሁን እሳቸውም የሉም።

ዛሬ ዕድሜ ገፍቶ እኔም መነጽር አድራጊ ሆኛለሁ። ውዱእ ሳደርግ ጣቶቼ ከአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት ጎድጓዶች ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ወንዙ ዳር የዋጥሁት ስም ያን ጊዜ ከአፌ ይወጣል። ልጆቼ ዱዓ የማደርግ ይመስላቸዋል።