ነጻ የተባለው በሬ

ዛሬ የደም ምርመራዬ «ይህ በሬ ነጻ ነው» አለኝ። በሬው ደሙ ከተቀዳ በኋላ ሲታረድ ግን ልቡ ውስጥ የኮሶ ትል እጭ ተገኝቶበታል።

እንግሊዝ አገር፣ ካምደን ያለ ላብራቶሪ ውስጥ ከሀገር ቤት የሚላክልንን የከብት ደም እመረምራለሁ። ከብቱ ሳይታረድ ኮሶ እንዳለበት ከደሙ ማወቅ ነው ሥራዬ። እጩ ጥቂት ሲሆን ግን ምርመራው አያየውም።

ሻይ ላይ ለእንግሊዛዊው አለቃዬ ነገርኩት። «ጥቂት ከሆነ ግድ የለም፣ ሥጋው ሲበስል ይሞታል» አለኝ።

«እኛ ጋ አይበስልም» አልኩት። ቁርጥ ምን እንደሆነ ሳስረዳው የያዘውን ሳንድዊች አስቀመጠ።

ሰኞ እንደገና ሀ ብዬ እጀምራለሁ። አንዲት እጭ እንኳን እስክትታየኝ ድረስ አልለቀውም።

ኮሶ ይዟችሁ የሚያውቅ ካላችሁ እስቲ ጻፉልኝ። ከዚያ በኋላ ቁርጥ ያቆመ ካለም ይንገረኝ። እኔ አላቆምኩም፤ ምርመራውንም የማልተወው ለዚህ ነው።